ለርቀት ጨዋታ መሰናጃ የሚሆን ታብሌት ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ የጨዋታ ክበብን ወክሎ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና ጥበቃና ስለ አገራችን ታሪክ የሚናገሩ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ስለ ጨዋታ እናገራለሁ ብዬ በተነሣሁ ጊዜ ከወላጆች መካከል ፈገግ ያሉ እንዳሉ ከዚህ ሆኜ ተመልክቻለሁ። ፈገግታው መልካም ነው፤ ጨዋታ ያለ ፈገግታ አይሆንም። ነገር ግን የክበባችን አባሎች ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ያዋጡት ገንዘብ አለ። ይህም ገንዘብ ከእንቁላልና ከበግ ሽያጭ፣ ከሱቅ ሥራና ከዘመድ ስጦታ የተገኘ ስለ ሆነ በእውነቱ የእናንተው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ገንዘብ አንድ ታብሌት ለመግዛት ተነሥተናል። ለሁለት አይበቃም፤ አንዱም ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ወይም ለሥራው የማይመች ቢሆን ሌላ ዓመት መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ስለዚህ ምን ዓይነት ዕቃ እንደምንፈልግና ስለምን እንደምንፈልገው ገንዘቡን በሰጡት ሰዎች ፊት መናገር ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አስቀድሜ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ አገር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። አራት አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንደኛው የጨዋታ መሪ ይሆንና አገሩን፣ መንገዱን፣ የሚያጋጥመውን ሰው ሁሉ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ሲራራ ነጋዴ፣ አንዷ መድኃኒት ዐዋቂ፣ አንዱ ከጌታው የኮበለለ ወታደር። መሪው «ወንዙ ሞልቷል፤ በቅሎዎቹም አልገባም ብለዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እነርሱም ተመካክረው ይመልሳሉ። የሚሆነው ነገር አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ በሉዶ እንደምናውቀው ያለ ዳይስ ይጣላል፤ አንዳንዱ ዳይስ ግን ስድስት ሳይሆን ሃያ ገጽ ያለው ነው። በመጨረሻ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ታሪኩ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ያድራል።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ይምሰል እንጂ ለእኛ አገር ልጅ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልህ ሲጫወት ያደገ ልጅ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገርም ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ ያሻውን ይናገራል። ይህ በቃል የተሠራ ካርታ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? የጥንቱም የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃና ተጠየቅ እየተባባሉ በአደባባይ መፋጠጥ፣ ሰው በቃሉ ብቻ ራሱን የሚያቆምበት መድረክ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የአገራችን ሰንጠረዥ ነው። በፈረንጆቹ ቼዝ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። በእኛ ሰንጠረዥ ግን አንዱ የሌላውን ጭፍራ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ጊዜ ወረራ ይባላል። በወረራው ያልተሰናዳ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ተሸንፎአል ማለት ይቻላል። የእኛም የጨዋታ መሪ ቅዳሜ ማታ ከሚናገረው ይልቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያሰናዳው ይበልጣል። ታብሌቱ የሚፈለገው ለዚህ ለወረራው ነው።

«በአንድ ክፍል ተቀምጣችሁ በወረቀት ብትጫወቱስ?» የሚል ጥያቄ ከአንድ መምህራችን ቀርቦልን ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እዚህ ያለነው አምስታችን እንደዚያ እንጫወታለን። ነገር ግን ክበቡን ከጀመርነው መካከል አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዷ ወደ አዲስ አበባ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሄደዋል፤ የአንዷ አባል ታላቅ እኅት ደግሞ ከቤይሩት ሆና በዕረፍት ቀኗ ትጫወታለች። በጨዋታው ውስጥ እርስዋ የአባይን በረሃ በሚሻገር ነጋዴ ቡድን ውስጥ መንገድ መሪ ናት። በሰው ቤት ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ስትታዘዝ የቆየች ልጅ በዚያች ሰዓት «በዚህ በኩል አትሂዱ፤ መሻገሪያውን እኔ ዐውቀዋለሁ» ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚለወጥ የሰማ ሰው ጨዋታውን ተራ ነገር አይለውም። ክበቡ ከተበተነ እነዚህ ሦስቱ በስልክ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነህ?» ከመባባል የቀረ ነገር የላቸውም።

በርቀት ለመጫወት በውጭ አገር የታወቁ መድረኮች አሉ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ሮል ትዌንቲ» የሚባለው አንዱ ነው። ካርታው በሁሉም ስክሪን ላይ ይታያል፤ ዳይሱም እዚያው ይጣላል። በጣም ያምራል። ይሁን እንጂ መቋረጥ የሌለበት ኔትዎርክና ሰፊ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ላለው ሰው የተሠራ ነው። የእኛን ሁኔታ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። ዛሬም መብራት ሲጠፋ ኔትዎርኩም አብሮ የሚደክምበት ቀን አለ። ስለዚህ ታብሌት ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ኢንተርኔት ሲኖር ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚል ሳይሆን «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሠራል?» የሚል ነው።

ለመጫወቱ ሌላ መንገድ አግኝተናል፤ ይኸውም ቴሌግራም ነው። መሪው አጭር ጽሑፍና የካርታ ሥዕል ይልካል፤ እያንዳንዱም ኔትዎርክ ባገኘ ጊዜ ይመልሳል። ቴሌግራም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ራሱ የሚጥለው የዳይስ ምልክት ስላለው «አጭበረበርህ» መባባል ቀርቶአል። የሥዕሉ መጠን ከተቀነሰ የሚበላው ዳታ ጥቂት ነው። ቀስ ይላል፤ አንድ ድልድይ መሻገር አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን ይፈጃል። ግን የአባይንም በረሃ ድሮ በአንድ ቀን የሚያቋርጠው አልነበረም።

እንግዲህ ታብሌቱ ሦስት ሥራ ይጠበቅበታል፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ ካርታ መሣል፣ ታሪክ በአማርኛ መጻፍ። ከዚህ በቀር ያለው ሁሉ ጌጥ ነው።

በንባቡ እንጀምር። የጨዋታው ደንብ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ፣ ገጹ እንደ መማሪያ መጽሐፋችን ትልቅ፣ ጽሑፉ በሁለት ዓምድ የተከፈለና በሥዕል የተሞላ ነው። በገበያ ላይ ታብሌት የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በኢንች ስለ ሆነ 8 ኢንችና 10 ኢንች ሲባል ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። እኔ ግን በማስመሪያ አስልቼዋለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጠን ብሎ የተሠራ የ8 ኢንች ታብሌት ቀጥ ብሎ ሲያዝ የስክሪኑ ወርድ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉ በግማሽ ያንሳል። የ10.5 ኢንቹ ወርድ 14 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፊደሉ የመጽሐፉን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። ሰፋ ብሎ የተሠራው የ10.2 ኢንች አይፓድ ደግሞ በኢንች ቁጥር አንሶ ሳለ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በኢንች ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን አያየውም። በማታ፣ በደካማ መብራት፣ የእኔን ዕድሜ ዓይን እንኳ የ8 ኢንቹ ያደክማል። ርካሽ ነው ተብሎ ቢቀርብልንም ትተነዋል።

ቀጥሎ የማስቀመጫው ነገር ነው። አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ከ50 እስከ 200 ሜጋ ባይት ሊመዝን ይችላል፤ ካርታዎቹ፣ ሥዕሎቹና የድምፅ መልእክቶቹም ይጨመራሉ። 32 ጊጋ ባይት የተባለ ታብሌት ከዚያ ውስጥ ከፊሉን ለራሱ ሥርዓት ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከ64 በታች አንገዛም ብለናል። ራም የሚባለው፣ ዕቃው በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ የሚሠራበት ቦታ፣ ከ4 ጊጋ ባይት ካነሰ መጽሐፉን ከፍቶ ወደ ካርታው ሲሻገሩ መጽሐፉ ይዘጋና እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ይነሣል። ይህ በጨዋታ መካከል እንደ ማስነጠስ ያለ ነው፤ ታሪኩን ይቆርጠዋል።

ሜሞሪ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው መሆኑ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ነው። ብዙ ሰው አይመለከተውም፤ ካርዱ ግን ለኔትዎርክ አልባ አገር መንገድ ማለት ነው። ደሴ ያለው ጓደኛችን መጻሕፍቱንና ካርታዎቹን በካርድ ቀድቶ በአቀስታ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ይሰጣል፤ እኛም ያለ አንዲት ሜጋ ባይት ዳታ እንቀበላለን። አይፓድ ይህ ቀዳዳ የለውም።

ካርታውን ለመሣል ብዕር ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብዕር መኖሩን ልብ በሉ። በሱቅ በርካሽ የሚሸጠው ጫፉ ጎማ የሆነው ከጣት የተሻለ ሥራ የለውም፤ በእርሱ የአባይን ጠመዝማዛ መሣል በማረሻ እንደ መጻፍ ነው። ሌላው ግን ታብሌቱ ራሱ የሚያውቀው ብዕር ነው፤ ሲጫኑት ያጠቁራል፣ ሲያላሉት ያቀጥናል። ሁሉም ታብሌት ይህን አይቀበልም። ለምሳሌ ሳምሰንግ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታብ ኤስ 6 ላይት ብዕሩ ከሳጥኑ ጋር ይመጣል፤ 10.4 ኢንች ነው፤ ካርድም ይቀበላል። ታብ ኤ 8 እና ታብ ኤ 9 ፕላስ የተባሉት ግን ስፋታቸው መልካም ሆኖ ሳለ ይህን ብዕር አያውቁም። የአይፓዱ ብዕር ከሁሉ ያምራል ይባላል፤ ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ስለ አማርኛው የምለው አጭር ነው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የኮምፒውተር ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባ ስለ ሆነ ዛሬ በማናቸውም ደኅና ታብሌት ላይ ይነበባል፤ የአማርኛ መጻፊያውም በነጻ ይጫናል። ሆኖም በአንዳንድ የካርታ መሣያ ፕሮግራም ውስጥ «ደንቆሮ ጫካ» ብለን ስንጽፍ ባዶ ሳጥን ሳጥኑ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ መጻፍ፣ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥና መልሶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሻጩም ቢቆጣ ይቆጣ።

አሁን ወደ ባትሪው ልሻገር፤ በዚህም ላይ የአገራችንን አንድ ታሪክ ማንሣት ይገባኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች 40 ያህል ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ሰጠ። ሳጥኖቹ እንደ ተዘጉ ነበር የተሰጡት፤ አስተማሪም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በተናገሩት መሠረት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ከአምስት ወር በኋላም ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ። ይህ የአንድ ሰው፣ ያውም የባለ ጉዳዩ ምስክርነት ነው፤ በልኩ መቀበል ይሻላል። ጋዜጦች ሁሉ የጻፉት ስለ አራቱ ደቂቃ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው፤ በየመንደሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ባትሪ መሙያ ተተክሎ ነበር፣ አያያዙንም የተማሩት ትልልቆቹ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቹ የሠሩትም በሜሞሪ ካርድ ላይ እየተያዘ በየሳምንቱ ካርዱ ይለወጥ ነበር። ያ ሁሉ ብልሃት ያለ መሙያውና ያለ ካርዱ አይሆንም ነበር።

ከላይ የጠራኋቸው የሳምሰንግ ታብሌቶች ባትሪ 7,040 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ሲታይ ሦስት ጊዜ የሚሞላ ይመስላል። ነገር ግን ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገላበጥ ከፊሉ ስለሚባክን ሁለት ጊዜ ከሞላ እሰየው ነው። ለእኛ ይህ በቂ ነው፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ላይ ለአንድ እውነተኛ ፓወር ባንክ የሚሆን አስቀርተናል። ሲም ካርድ የሚገባበት ታብሌት ይሻላል ወይ ተብሎም ተከራክረናል። ዋጋው ስለሚጨምርና በስልካችን ሆትስፖት መጠቀም ስለምንችል አይሻልም የሚለው ወገን አሸንፎአል፤ እኔ ግን በድምፅ ተሸንፌ እንጂ አምኜ አይደለም።

ስለ ግዥው ጥቂት ልናገር፤ ወላጆቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት ይህን ነውና። በገበያ ላይ ስሙ ያልታወቀ፣ በሳጥኑ ላይ «512 ጊጋ ባይት» ወይም ከዚያ የበለጠ ተለጥፎበት በርካሽ የሚሸጥ ታብሌት አለ። የተለጠፈው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የዕቃው ውስጥ ገጽ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጎ ይሠራል። ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ትልልቅ ፋይሎች ቀድቶ መሙላትና በመጨረሻ የገቡትን ከፍቶ ማየት። ሐሰተኛው ስማቸውን ያሳያል፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ከዚህ እጅግ ይሻላል። በዚያም ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የቀድሞው ባለቤት የራሱን መለያ ሳያወጣ ከሸጠው አይፓዱ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ካልሰጣችሁኝ አልከፈትም ይላል፤ በአንድሮይድም ላይ ተመሳሳይ ቁልፍ አለ። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ መክተፊያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ በፊታችን መለያውን አውጥቶ፣ ሁሉን አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ሲከፈት እስክናይ ድረስ ገንዘብ አይወጣም።

ከዐረብ አገር በዘመድ በኩል የሚያስመጣ ደግሞ የዕቃውን ሙሉ ስም በጽሑፍ ይላክ፤ «ጥሩ ታብሌት ላኪልኝ» ብሎ እኅቱን በማታውቀው ነገር አያስጨንቃት። ከሳዑዲና ከኤምሬትስ የሚመጣው ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለ ሆነ በእኛ ግድግዳ አይገባም፤ መለወጫ ያስፈልገዋል። ዋጋውን በዚህ ንግግር አልጠራም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሰማነው ዋጋ ሁሉ ቶሎ ያረጀ ሆኖአል፤ ገዢው በሚገዛበት ቀን ከሦስት ሱቅ ጠይቆ ይጻፈው።

አንድ አባት ባለፈው ስብሰባ «ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ከሚሆን ለትምህርት ቢሆን ምን አለበት?» ብለዋል። አሳባቸውን እናከብራለን፤ ስለዚህም ደንብ አውጥተናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ታብሌቱ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይጫኑበታል፤ መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪ ሁሉ፣ የክበቡ አባል ቢሆን ባይሆን፣ ተራ ይዞ ያነባል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ጎን በኮምፒውተርም ስለ ተሰጠ፣ በስክሪን ላይ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ መልመድ ለማንም አይጎዳም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ጨዋታውን በትምህርት ስም አንሸፍነውም። የጨዋታ መሪያችን ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ አኗኗር ያነበበው ፈተና ስላለበት አይደለም፤ ነጋዴዎቹ በደንቆሮ ጫካ አጠገብ ሲያድሩ በሌሊት ምን እንደሚሰሙ ለመተረክ ስለ ፈለገ ነው። ደስ ብሎት አነበበ፤ ይኸው ነው።

የክበቡ ኮሚቴ የመረጠው እንግዲህ ያገለገለ ታብ ኤስ 6 ላይት ነው። አዲስ አይደለም፤ የሥርዓት እድሳትም ለአይፓድ ረዘም ላለ ዘመን እንደሚመጣ እናውቃለን። ብዕሩ አብሮት ስላለ፣ ካርድ ስለሚቀበልና ኢንተርኔት ሳይኖር ሦስቱንም ሥራ ስለሚሠራ ግን ወደ እርሱ አዘንብለናል። ከሁለታችን በቀር ሁሉም ተስማምቶአል፤ ሁለታችን አሁንም የአይፓዱን ስፋት እናነሣለን።

ንግግሬን ስጨርስ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በስክሪኖቹ ልክ የተቆረጡ ሦስት ካርቶኖች አሉ፤ በየአንዳንዱም ላይ አንድ የመጽሐፍ ገጽ በልኩ አንሶ ተለጥፎበታል። እባካችሁ፣ በተለይ መነጽር የምታደርጉ አባቶችና እናቶች፣ እያነሣችሁ ሞክሩና የትኛው እንደሚነበብ በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉልን። ግዥው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ዕቃ መመርመር የሚያውቅ ዘመድ ያላችሁም ብትነግሩን ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል።